ሂሳብ የከፈለችው አህያ

ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስመጣ የጉማራን ድልድይ አልፈን ትንሽ እንደሄድን ሚኒባሱ ቀጥ አለ። መንገዱ መሐል አንዲት አህያ ቆማለች። ጭነት የላትም፣ ነጂም የላት። ሹፌሩ ክላክሱን ነፋ። ጆሮዋን እንኳ አላዞረችም። ደገመ። ምንም። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "እመቤት፣ እባክሽ ዞር በይልን!" ብሎ ለመናት። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው "ተዋት ልጄ፣ እሷ ሂሳቧን ከፍላለች" አሉ። መኪናው በሳቅ ተሞላ። ሹፌሩም እየሳቀ በጠርዙ በኩል ዞሮ አለፋት።

ምን ማለትዎ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ተረቱን የማያውቅ ሰው ከየት ይመጣል? ቢሆንም ይህን የምታነቡ ልጆች ካላችሁ ልድገመው። አህያ፣ ውሻና ፍየል አንድ ቀን መኪና ተሳፈሩ። መውረጃቸው ሲደርስ ረዳቱ ሂሳብ አለ። አህያ ድፍኑን ከፍላ ወረደች። ውሻ ከታሪፉ በላይ ሰጥቶ መልሱን ሲጠብቅ መኪናው ተነሥቶ ሄደበት። ፍየል ደግሞ ሳትከፍል ዘላ ወርዳ ጠፋች። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪና ሲመጣ ፍየል በድንጋጤ ትሮጣለች፤ ውሻ "መልሴን!" እያለ ጎማ ጎማውን ያባርራል፤ አህያ ግን የማንም ዕዳ የለባትምና መንገዱ መሐል ቆማ ትቀራለች።

በቃ ይኼው ነው። ቢበዛ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ይህን የአንድ ደቂቃ ተረት ወስዶ፣ ብሩሽ ይዞ ቁሞ፣ ምስል በምስል በእጁ እየሳለ ፊልም ስላደረገ ሰው ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

ሠዓሊው ዕዝራ ውቤ ይባላል። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ በ18 ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደ፣ በቦስተን ማሳቹሴትስ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ሥዕል የተማረ፣ ከዚያም ኒው ዮርክ ሀንተር ኮሌጅ ሁለተኛ ዲግሪውን የሠራ ሰው ነው። አጭሩን ፊልም እ.ኤ.አ. በ2011 ሠራው። ስሙንም "ሂሳብ" አለው።

እስቲ በዚህ ስም ላይ ትንሽ እንቆይ። የውጭ ሰው ቢሆን ይህን ፊልም "የአህያዋ ጉዞ" ወይም "ሦስቱ ተሳፋሪዎች" ብሎ ይሰይመው ነበር ብዬ አስባለሁ። "ሂሳብ" የሚለውን ስም ለማውጣት ግን ታክሲ ውስጥ ያደገ ጆሮ ያስፈልጋል። ቃሉ በትምህርት ቤት የሚያስለቅሰን የቁጥር ትምህርት ነው፤ በሆቴል ከምግብ በኋላ የምንጠይቀው ነው፤ በሁለት ሰዎች መካከል ሳይዘጋ የቀረ ነገርም ነው፤ "ከእሱ ጋር ሂሳብ አለኝ" ይባላል። ከሁሉም በላይ ግን የረዳት ድምፅ ነው። ሳንቲሙን በመዳፉ እያንቃጨለ "ሂሳብ ወደዚህ!" የሚለው። እንግዲህ ፊልሙ ገና በስሙ ነው መኪናው ውስጥ የሚያስገባን።

አሁን ወደ አሠራሩ። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነውና።

ካርቱን እንዴት እንደሚሠራ ሁላችንም በደምሳሳው እናውቃለን፤ ትንሽ ትንሽ የሚለያዩ ብዙ ሥዕሎች በፍጥነት ሲተላለፉ ዓይናችን እንቅስቃሴ አድርጎ ያያቸዋል። ሲኒማ በሴኮንድ 24 ምስል ያሳልፋል። በእጅ የሚስሉ ሰዎች ድካሙን ለመቀነስ አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ ያነሡትና በሴኮንድ 12 ሥዕል ይበቃቸዋል። ታዲያ ይብቃ እንጂ 12 በ60 ሲባዛ ለአንድ ደቂቃ 720 ሥዕል ነው። አንዲት አህያ መንገድ እስክትሻገር 720 አህያ!

የጥንቶቹ ሰዎች ይህን ሁሉ በወረቀት ነበር የሚሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1914 ዊንሰር ማኬይ የተባለ አሜሪካዊ የጋዜጣ ሠዓሊ "ጌርቲ" የምትባል ዳይኖሰር ያለችበትን አጭር ፊልም ሲሠራ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሥዕሎችን ስሏል። የሚያስገርመው ዳይኖሰሯ ብቻ እንዳትመስላችሁ። ከኋላዋ ያለው ተራራ፣ ድንጋዩና ዛፉም በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ እንደገና መሳል ነበረበት፤ ለዚህም አንድ ወጣት ረዳት ቀጥሮ ያንኑ ተራራ ሲያስገለብጥ ከረመ። የተሣለበት ወረቀት ደግሞ "የሩዝ ወረቀት" የሚባለው ስስ ዓይነት ነው። እኔ የፎገራ ልጅ ነኝ፤ ይህን ሳነብ "ይኼው፣ የእኛ ነገር ገባበት!" ብዬ ተነሥቼ ነበር። በኋላ ሳጣራ ስሙ ነው እንጂ ወረቀቱ ከሩዝ እህል የሚሠራ አይደለም አሉኝ። ቢሆንም እኔ ቆጥሬዋለሁ። የእኛም ሩዝ ቢሆን በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር የመጣ እንግዳ ነበር፤ ዛሬ ፎገራን ያለ ሩዝ ማን ያስባታል?

ከዚያ ብልሃቱ መጣ። ተራራውን አንድ ጊዜ ብቻ ስሎ የሚንቀሳቀሰውን እንስሳ በሚያሳይ ላስቲክ ላይ እየሳሉ በላዩ መደረብ። ይህ አሠራር ካርቱንን ፋብሪካ አደረገው። አንዱ እግር ይስላል፣ ሌላው ቀለም ይቀባል፣ ሦስተኛው ያነሣል። በልጅነታችን በቴሌቪዥን ያየናቸው ድመቶችና አይጦች ሁሉ ከዚህ መንገድ የወጡ ናቸው። ሥዕሎቹ በየሣጥኑ ተቀመጡ፤ ዛሬም ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ ይገዟቸዋል።

ዕዝራ ውቤ የሄደበት መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ሸራ ይወጥራል። ካሜራውን ከፊቱ ያቆማል። ይስላል፣ ያነሣል። ከዚያ እዚያው ሥዕል ላይ፣ በእርጥቡም በደረቁም ላይ፣ ቀጣዩን ይስላል፤ ያነሣል። እንደገና በላዩ። እንደገና። ወረቀት አይቀይርም፣ ላስቲክ አይደርብም። አህያዋ አንድ እርምጃ እንድትሄድ በፊት የነበረችው አህያ መቀባትና መጥፋት አለባት። ሥራው ሲያልቅ በእጁ የሚቀረው አንድ ሸራ ነው፤ በሸራው ላይ የሚታየውም የመጨረሻው ሥዕል ብቻ። የቀሩት በሙሉ ከሥር ተቀብረዋል። ካሜራው ባያነሣቸው ኖሮ እንደነበሩ እንኳ የሚመሰክር የለም።

በዓለም ላይ የዚህ ዘመድ የሆኑ ሥራዎች አሉ። ደቡብ አፍሪካዊው ዊሊያም ኬንትሪጅ ከ1989 ጀምሮ በከሰል እየሳለ፣ እየፋቀ፣ እያነሣ ፊልም ይሠራል፤ የተፋቀው ከሰል እንደ ጥላ ወረቀቱ ላይ ስለሚቀር ሰውየው እጁን ሲያነሣ የቀድሞው እጁ ደብዝዞ አብሮት ይታያል። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ፔትሮቭ ደግሞ በመስታወት ላይ ቀለም በጣቱ እየቀባ የሄሚንግዌይን የሽማግሌውንና የባሕሩን ታሪክ ሠርቶ በ2000 ኦስካር አግኝቶበታል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. ነው፤ በፈረንጅ ቆጠራ እያወራሁ እንደሆነ ይያዝልኝ።

የዚህ አሠራር ክፉ ጎኑ ወደኋላ መመለስ አለመቻሉ ነው። ወረቀት ላይ ቢሆን አሥረኛው ሥዕል ሲበላሽ ቀድደህ ትጥላለህ። እዚህ ዘጠነኛው ጠፍቷል፣ አሥረኛው ተበላሽቷል፤ ያለህ አማራጭ ስሕተቱን ይዘህ ወደ አሥራ አንደኛው መሄድ ነው። መልካም ጎኑም ከዚሁ የሚወጣ ይመስለኛል። ቀለሙ አይረጋም። የሰማዩ ሰማያዊ፣ የግድግዳው ቡኒ፣ ሁሉም በየቅጽበቱ ይነቃነቃል። የአንዱ ሥዕል ርዝራዥ ከሌላው ጫፍ ብቅ ይላል። የአዲስ አበባን መንገድ የምታውቁ፣ የሰውና የመኪናው ግርግር እንዴት እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ፤ የትኛውም ነገር ለአፍታ ቁጭ አይልም። በጥሩ ኮምፒውተር ንጹሕ አድርጎ ቢሠራው ያ ግርግር የሚገኝ አይመስለኝም።

አሁን ወደ አህያዋ ልመለስ፤ ነገሩ ያለው እሷ ጋ ነው።

ስድስተኛ ክፍል እያለሁ የደብተር ጠርዝ ላይ እየሳልኩ በአውራ ጣት እየገለበጡ ማንቀሳቀስን አንድ ልጅ አሳየኝ። እኔም የማውቀውን እንስሳ ሳልኩ። አህያ። ደብተሩ ሲገለበጥ ትራመዳለች፣ እግሯ ቢምታታም ትራመዳለች። ከዚያ እንድትቆም ፈለግሁ። ያው የተረቷ አህያ እንድትሆንልኝ። እንድትቆም ደግሞ ምን ያስፈልጋል? ምንም አልኩ። አንዷን አህያ በካርቦን ወረቀት በሃያ ገጽ ላይ ቁርጥ አድርጌ ገለበጥኳት። ገጹን ሳገላብጠው አህያዋ ቆመች አላልኩም። ሞተች አልኩ። ስትራመድ የነበረች አህያ በድንገት ተራ የቀለም መስመር ሆና ቀረች። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ደብተሩም የሒሳብ ትምህርት ደብተር ስለነበር ተወሰደብኝና ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ከዚያው ከማኬይ ነው። ጌርቲ በፊልሙ ውስጥ ዝም ብላ የምትቆምበት ጊዜ አለ። ማኬይ ያን ጊዜ በአንድ ሥዕል አላለፈውም። ሰዓት ይዞ የራሱን አተነፋፈስ ለካ፤ ወደ ውስጥ ይህን ያህል፣ ወደ ውጭ ይህን ያህል። ከዚያ በልኬቱ መሠረት የዳይኖሰሯን ጎን ከፍ ዝቅ አድርጎ ሳለ። ቆማ ትተነፍሳለች። ቆሞ መተንፈስን መሳል ሮጦ መሮጥን ከመሳል አይቀልም ማለት ነው፤ ያው የሥዕሉ ቁጥር እኩል ነው፣ የሚታየው ለውጥ ግን የፀጉር ያህል ነው።

ይህን ይዛችሁ ተረቱን እንደገና አስቡት። ፍየሏ ትሮጣለች፤ ለሠዓሊ ደስ የሚል ሥራ ነው። ውሻው ያባርራል፤ እሱም እንደዚያው። ቀልዱ ግን የተንጠለጠለው ምንም በማታደርገው ላይ ነው። አንዲት እንስሳ ቆማ፣ ምንም ሳታደርግ፣ ምንም ዕዳ እንደሌለባት በመላ አካሏ መናገር አለባት። በአንድ ሸራ ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ቆሞ መቅረት የሚባል ነገር በነፃ አይገኝም። ብሩሹን ካስቀመጠ እንደኔ ደብተር ይሞትበታል። እንድትቆም ከፈለገ እዚያው ቦታ ላይ፣ በራሷ ላይ፣ እሷኑ መልሶ መላልሶ መቀባት አለበት።

ሞክሬዋለሁ። ባለፈው ክረምት ሁለት ቀን ሥራ ፈትቼ በነበረበት ጊዜ ከበር ቀለም የተረፈ ነጭና ቡኒ ይዤ፣ አንድ የጣውላ ቁራጭ ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ ስልኬን በመጻሕፍት ክምር ላይ አቁሜ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሩዝ መፈልፈያው በር ላይ ተቀምጬ የአህያ እግር አጠናሁ። የኋላ ግራ፣ የፊት ግራ፣ የኋላ ቀኝ፣ የፊት ቀኝ። ዕድሜ ልኬን አህያ ሳይ ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር፤ ዘበኛው ምን እየቆጠርኩ እንደሆነ ጠይቆኝ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። በሁለት ቀን 60 ሥዕል ሠራሁ። 60 ሥዕል አምስት ሴኮንድ ነው። ደመና ፀሐይዋን በሸፈነና በገለጠ ቁጥር ብርሃኑ ስለተለዋወጠ አህያዬ መብረቅ ውስጥ የምትሄድ ትመስላለች። ቀለሙ ተደራርቦ ጣውላው ላይ አንድ ጣት ያህል ወፍሯል። ልጄ አይታ "ጭቃ ነው?" አለችኝ።

ከዚህ በኋላ ነው ዕዝራ ውቤን ከልቤ ያደነቅሁት።

ወደ ታሪኩ ልግባ፤ ይህ ሥራ ከሰማይ የወረደ አይደለምና። እኛ አገር ካርቱን አልነበረም ይባላል፤ እውነት ነው። ታሪክን በተከታታይ ምስል መንገር ግን ከማንም አልተዋስነውም። በጣና ገዳማትና በአካባቢያችን አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱን ግድግዳ የዞረ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ሰው በአንድ ግድግዳ ላይ አራት አምስት ጊዜ ይሣላል፤ እዚህ ይቀመጣል፣ እዚያ ይነሣል፣ ቀጥሎ ይሞታል፣ ከላይ ነፍሱ ትወጣለች። ተመልካቹ ነው በእግሩ እየዞረ የሚያንቀሳቅሰው። በላዔ ሰብእን አስታውሱ። 78 ሰው በላ፤ ለአንድ ለተጠማ ድኻ በእመቤታችን ስም እፍኝ ውኃ ሰጠ፤ በመጨረሻ ነፍሱ በሚዛን ተለካች፣ በእመቤታችንም አማላጅነት ውኃው መዘነ። አያቴ ያን ሥዕል ባዩ ቁጥር "የዚያ ቤት ሂሳብ ሌላ ነው" ይሉ ነበር። የንግሥተ ሳባንም ታሪክ በትንንሽ ሳጥን ከፋፍለው የሚስሉ ሠዓሊዎች በአዲስ አበባ ገበያ ላይ ሲሸጡ ኖረዋል። ሳጥኖቹን ቆርጣችሁ ብትደራርቧቸው ፊልም ሊሆኑ ጥቂት ነው የሚቀራቸው።

ተረቱ ራሱስ የስንት ዓመት ነው? በልጅነቴ ከነቢዩ ሰሎሞን ጊዜ ጀምሮ የነበረ ይመስለኝ ነበር። "ተረት ተረት፣ የመሠረት" ተብሎ ነዋ የሚጀመረው። ነገር ግን መኪና የሌለበት ዘመን ይህን ተረት ሊወልድ አይችልም። ለአገራችን የመጀመሪያው መኪና አጼ ምኒልክ ዘንድ የደረሰው ቤንትሌ በሚባል እንግሊዛዊ ነጂ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ታሪፍ፣ ረዳትና መልስ ያለበት የሕዝብ ማመላለሻ ደግሞ ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው የመጣው። ወደ እኛ ስትመጡ ከወረታ ተነሥቶ በዓለም በርና በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚወጣው ወደ 300 ኪሎ ሜትር መንገድ በደርግ ጊዜ ቻይናዎች የሠሩት ነው፤ ሽማግሌዎቹ አሁንም "የቻይና መንገድ" ይሉታል። በዚያ መስመር ያሉ አህዮች ለመኪና አልነቃነቅ ማለትን የተማሩት በወላጆቻችን ዕድሜ ነው ማለት ነው። ተረቱ ወጣት ነው። ሽማግሌ የሚያስመስለው አተራረኩ ነው።

ሌላም ያጣራሁት ነገር አለ፤ ትንሽ ቅር ብሎኛል። የእኛ ብቻ አይደለም። በምሥራቅም በምዕራብም አፍሪካ ይህንኑ ተረት ይናገሩታል፤ አንዳንዱ ፍየሏን በበግ ይተካታል። የት እንደተወለደ መከራከር ይቻላል፤ እኔ ወረታ መናኸሪያ ነው የተወለደው ብዬ እከራከር ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። መኪና በደረሰበት ሁሉ ሳይከፍል የሚሮጥ፣ መልሱን የሚጠብቅና ከፍሎ የማይታመን አለና ተረቱም ይኖራል። ከሰሐራ በታች ያለው የአፍሪካ አኒሜሽንም ቢሆን ሲጀምር ከእንስሳ ነው የጀመረው። ኒጀራዊው ሙስጠፋ አላሳን እ.ኤ.አ. በ1966 "መልካም ጉዞ ሲም" በተባለ አጭር ፊልሙ የእንቁራሪቶችን ፕሬዚዳንት ሳለ፤ ፕሬዚዳንቱ ለጉብኝት ወደ ጎረቤት አገር ሄዶ ሲመለስ ከሥልጣን ወርዶ ይጠብቀዋል። በሰው ቢሣል ሠዓሊውን የሚያሳስር ነገር በእንቁራሪት ሲሣል ሕፃናት ይስቁበታል። ፎገራም በክረምት የእንቁራሪት አገር ናት፤ ሙስጠፋ ቢመጣ ተዋናይ አያጣም ነበር።

እስካሁን ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ይህ ተረት በእኛ ቤት ለብዙ ዓመት አልተነገረም።

ድሮ የቤታችን ተረት ነጋሪ አባቴ ነበር። የረዳቱን ድምፅ፣ የውሻውን ጩኸት፣ የፍየሏን ዝላይ እየሠራ ይናገረው ነበር። አህያዋ ጋ ሲደርስ ግን ምንም አይሠራም። ዝም ብሎ ያየናል። እኛ መሬት ላይ እንንከባለል ነበር፣ በሳቅ። ስምንተኛ ክፍል በሆንኩበት ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ አልቆ አባቴና ወንድሜ ሁለት ማዳበሪያ ጭነው ወደ መፈልፈያ ይሄዳሉ። ዳለቻ አህያ ነበረችን፤ በቤቱ ከእኔ ቀድማ የገባች፣ ውኃውንም እህሉንም እሷ ነበረች የምታመላልሰው። አስፋልቱን ስታቋርጥ ቆመች። አባቴ "ሂጂ" አላት። አልሄደችም። መኪና መጣ። አልቆመም። ከመታት በኋላም አልቆመም። ሩዙ አስፋልቱ ላይ ተበትኖ ወንድሜ በነጠላው ሲሰበስብ ማታ ሆነ።

የመኪናውን ሰሌዳ ማንም አላየም። ካሣ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ አላፊ አግዳሚ፣ ክፉ አስቦ አይደለም፣ አባቴን ለማጽናናት ይሁን ለማሳቅ፣ "ምን ታደርግ፣ ከፍያለሁ ብላ ነው" አለው። አባቴ ምንም አልመለሰም። የዚያን ዓመት ሩዝ በሰው አህያ አስጫንን፤ ሌላ የገዛነው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ተረቱን አባቴ ከዚያ ወዲህ አንሥቶት አያውቅም። እኛም እንዲናገር ጠይቀነው አናውቅም። አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት ሲባል በሬዲዮ በሰማ ቁጥር "ይቁጠሯቸዋ" ብሎ ጣቢያውን ይቀይር ነበር።

ዘንድሮ ለፋሲካ ወደ ቤት ስሄድ ፊልሙን በስልኬ ይዤ ሄድኩ። ላሳየው እፈልጋለሁ፣ ደግሞ እፈራለሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ከምሳ በኋላ ጥላ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ አጠገቡ ሄጄ "አባዬ፣ አንድ ነገር ላሳይህ" አልኩት። መነጽሩን አስመጣ። ልጄም ጉልበቱ ላይ ወጣች።

እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ አየ። ሲያልቅ "ድገመው" አለኝ። ደገምኩት። በሁለተኛው ጊዜ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሊያስቀምጥ እየቃጣው ነበር።

"ቀለሙ ለምንድን ነው እንዲህ የሚርበተበተው?" አለኝ።

እንዴት እንደተሠራ ነገርኩት። አንድ ሸራ ብቻ እንደሆነ፣ ሁልጊዜ በላዩ እንደሚቀባ፣ የቀደመው እንደሚጠፋ።

"እና አህያዋን ስንት ጊዜ ሳላት?"

"ቁጥሩን አላውቀውም፤ በጣም ብዙ ጊዜ።"

"ቆማም እያለች?"

"ቆማም እያለች። ካልሳላት ትሞትበታለች።"

መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጠረገው። ብዙ ቆየ። ከዚያ "ሸራው አሁን የት ነው?" አለ። እሱ ዘንድ ሳይሆን አይቀርም አልኩት። "እንግዲያ ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ በለኛ፣ አንዷ ባንዷ ላይ" አለኝ። እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። እኔ የጠፉ ናቸው እያልኩ ነው የከረምኩት፤ ለእሱ ግን እንደተደረደረ ነዶ ናቸው።

ማታ እራት በልተን እኔ ከወንድሜ ጋር ስለ ማዳበሪያ ዋጋ እያወራሁ ሳለ ከመደቡ በኩል የረዳት ድምፅ ሰማሁ። "ሂሳብ! ሂሳብ ወደዚህ!" አባቴ ነው። ልጄ ፊቱ ቁጭ ብላ አፏን ከፍታ ታየዋለች። ወንድሜ ንግግሩን አቋረጠ፤ እኔም ዝም አልኩ። ውሻው ጮኸ፣ ፍየሏ ዘለለች። አህያዋ ጋ ሲደርስ እንደ ድሮው ዝም ብሎ ልጅቷን አያት።

"ለምን አትሄድም?" አለችው።

"ከፍላለቻ።"

"ስንት?"

"የራሷንም፣ የሁለቱንም ማዳበሪያ። የጭነቱንም ከፍላለች።"

ድሮ ሲነግረን በተረቱ ውስጥ ማዳበሪያ አልነበረም።